ካሜራ ሲገዙ አስተማማኝነቱንና ዋራንቲውን እንዴት ይፈትሻሉ?

አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ ለመግዛት የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎ «ፓክድ ነው?» ይላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። «ካሜራው ከስድስት ወር በኋላ ሰርግ መሀል ቢቆምብኝ ማን ይጠግንልኛል? የት? በማን ወጪ?» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሻጩ «ኢንተርናሽናል ዋራንቲ አለው» ያለው ቃል በየትኛውም ወረቀት ላይ አይገኝም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በካሜራ ለሚተዳደሩና ሊተዳደሩ ላሰቡ ሰዎች ነው፦ ሰርግና ልደት ለሚያነሱ፣ ቪዲዮ ለሚሠሩ፣ ውጭ ካለ ዘመድ ካሜራ ሊያስመጡ ለተዘጋጁ። እምነቴን ከወዲሁ ልናገር። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ገዢ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የዋራንቲ ካርድ የሚጠቅመው በጣም ጥቂት ነው። በትክክል የሚጠብቀው በጊዜ የተፈተነ ሞዴል መምረጡ፣ ዕቃውን መመለስ በሚቻልባቸው ቀናት ውስጥ አጥብቆ መፈተሹና የሻጩ ስም ያለበት ወረቀት መያዙ ነው። ድካምዎን እዚያ ላይ ያውሉት።

1. ዋራንቲው የየትኛው አገር እንደሆነ ይለዩ

አምራቾች ዋራንቲ የሚሰጡት በአብዛኛው በገበያ ክልል ከፋፍለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ካኖን፣ ኒኮንና ሶኒ ለአዲስ ካሜራ የሚሰጡት መደበኛ ዋራንቲ የ1 ዓመት ሲሆን ዕቃው ለዚያ ገበያ የመጣና ከታወቀ አከፋፋይ የተገዛ መሆን አለበት። ያው ሞዴል በሌላ አገር ገበያ በኩል ዞሮ ሲሸጥ ነጋዴዎች «ግሬይ ማርኬት» ይሉታል። ዕቃው ሐሰተኛ አይደለም፤ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ነው፤ ዋጋውም ቀነስ ይላል። የቀነሰው ግን አምራቹ በዚያ አገር ኃላፊነት ስለማይወስድለት ነው። ኒኮን አሜሪካ በዚህ በኩል ጥብቅ ነው፦ በእሱ በኩል ወደ አሜሪካ ያልገባን ዕቃ በክፍያም ቢሆን አይጠግንም። ግሬይ ማርኬት የሚሸጡ ትልልቅ ሱቆች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን ዋራንቲ ይሰጣሉ፤ ያ ማለት የሚጠግነው ሱቁ ወይም ሱቁ የመረጠው ባለሙያ ነው።

አውሮፓ ላይ አሠራሩ ይለያል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለአዲስ ዕቃ ቢያንስ ለ2 ዓመት በሕግ ተጠያቂ የሚሆነው ሻጩ ነው፤ አምራቹ በራሱ ፈቃድ የሚሰጠው ዋራንቲ በዚያ ላይ የሚጨመር ነው። ስለዚህ ሮም ወይም ፍራንክፈርት ያለ ወንድምዎ ካሜራ ከገዛልዎ የመጀመሪያው ተጠያቂ የገዛበት ሱቅ ነው፤ ደረሰኙ ከጠፋ መብቱን ማስረዳት ይከብዳል። በብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘብ የመቀበል መብት ይሰጣል።

ከዱባይ ለሚያስመጡ ጥያቄው አጭር ነው፦ «ዋራንቲው የአምራቹ የመካከለኛው ምሥራቅ ዋራንቲ ነው ወይስ የሱቁ ብቻ?» የሱቁ ከሆነ ካሜራው ሲበላሽ ወደዚያው ሱቅ ተመልሶ መሄድ አለበት። ከጃፓን የሚመጣ ዕቃ ሲያጋጥምዎ ሌላም ነገር ይዩ፤ ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች ሜኑ በጃፓንኛ ብቻ ነው። ዋጋው ያማረ ኤ7 አይተው ከመክፈልዎ በፊት ያብሩትና የቋንቋ ምርጫ ውስጥ እንግሊዝኛ መኖሩን ያረጋግጡ።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በአሜሪካ ዋራንቲ የተገዛ ካሜራ አዲስ አበባ ላይ ቢበላሽ ወደ አሜሪካ መመለስ አለበት። ወይ የሚሄድ ሰው ይፈለጋል፣ ወይ በፖስታ ይላካል። ጥገናው ራሱ ነጻ ቢሆን እንኳ የመላኪያው፣ የጉምሩኩና ያለ ካሜራ የሚያልፈው የሥራ ጊዜ ወጪ በእርስዎ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ለአገር ቤት ገዢ በግሬይ ማርኬትና በይፋዊው ዕቃ መካከል ያለው ልዩነት አሜሪካ ለሚኖር ሰው የሚኖረውን ያህል ሰፊ አይደለም። ልዩነቱ ጥቂት ብር ከሆነ ይፋዊውን ይውሰዱ፤ ሰፊ ከሆነ የተረፈውን ገንዘብ ለጥገና አስቀምጦ ግሬይ ማርኬቱን መግዛት ለእኔ ያስኬዳል። አንድ ነገር ብቻ አይቀበሉ፦ ግሬይ ማርኬት ሆኖ በይፋዊ ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ።

ገንዘብ መክፈያው ጋ ለብቻው የሚሸጥ ተጨማሪ ዋራንቲ ሲቀርብልዎ ከአገር ውጭም ይሠራ እንደሆነና መውደቅንና ውኃን ይሸፍን እንደሆነ ይጠይቁ። ሁለቱንም ካልሸፈነ ይተዉት።

2. «ፓክድ» የሚለውን ልማድ ይተዉ፤ ሳጥኑ እዚያው ይከፈት

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ከማውቀው ጥፋት ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው ይህ ነውና። ሳጥኑ ሳይከፈት እንዲመጣ አጥብቀን የምናሳስበው ዕቃው እንዳይቀየር ስለምንሰጋ ነው። ሥጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እህትዎ ካሜራውን ገዝታ፣ ሳጥኑን እንደታሸገ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣ፣ ከሁለት ወር በኋላ ለበዓል ይዛው ብትመጣ ሱቁ የሚሰጠው የመመለሻ ጊዜ አውሮፕላን ሳትሳፈር አልፏል። ካሜራው ከፋብሪካው ጉድለት ይዞ ከወጣ ያንን የሚያውቁት ቦሌ ኤርፖርት ከደረሰ በኋላ ነው።

ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ጉድለት ካለበት ብዙ ጊዜ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ሱቆችም የመመለሻ ጊዜ የሚሰጡት በእነዚሁ ሳምንታት ነው፤ እንደ ሱቁ ሁለት ሳምንት ወይም አንድ ወር አካባቢ ይሆናል። ይህ ጊዜ ከዓመቱ ዋራንቲ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ጥገና መጠበቅ ሳያስፈልግ ሌላ አዲስ ካሜራ ይሰጥዎታል ወይም ገንዘቡ ይመለሳል።

ስለዚህ ለዘመድዎ እንዲህ ብለው ይላኩ፦ ካሜራውን በደረሰሽ ቀን ክፈቺው። ሳጥኑ ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥር ከቦዲው (ሌንሱ ሳይቆጠር ከካሜራው አካል) ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን እይና ሁለቱንም በስልክ አንሺልኝ። ባትሪውን ሞልተሽ ፎቶም ቪዲዮም አንሺ፤ ለረጅም ጊዜ ቪዲዮ እየቀረጸ ይቆይ። የሱቁ የመጨረሻ የመመለሻ ቀን መቼ እንደሆነ ጽፈሽ አስቀምጪ። ከዚያ ዋናዎቹን ፋይሎች ላኪልኝ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» ብለሽ ላኪ፤ ካልሆነ ጥራቱ ይቀነሳል፣ ስለ ካሜራው የሚናገረው መረጃም ይጠፋል።

ራስዎ ዱባይ ሄደው የሚገዙ ከሆነም ሳጥኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ ያስከፍቱ፤ የበረራዎ ዕለት ሳይሆን ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ይግዙ።

3. የሞዴሉን ታሪክ ያጣሩ

አስተማማኝ ነው ወይ የሚለውን የምርቱ ስም ብቻውን አይመልስም። ጥሩ ስም ያላቸው ሁሉ የሚያሳፍር ሞዴል አውጥተዋል። ኒኮን ዲ600 እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በብዙ ሰዎች እጅ ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ላይ በተደጋጋሚ የዘይትና የአቧራ ነጠብጣብ ይታይ ጀመር። በ2013 ዲ610 የሚባል ተተኪ በአዲስ ሸተር (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ወጣ፤ በየካቲት 2014 አካባቢ ደግሞ ኩባንያው ዋራንቲያቸው ላለፈም ጭምር ዲ600ን በነጻ አይቶ ሸተሩን እንደሚቀይር አስታወቀ። በ2014 የወጣው ዲ750ም በተወሰኑ ሲሪያል ቁጥሮች ላይ የሸተር ችግር ስለታየበት ለነጻ ጥገና ተጠርቷል። የካኖን 5ዲ ማርክ 3 በ2012 እንደወጣ ደብዛዛ ቦታ ላይ የላይኛው ስክሪን መብራት ሲበራ የብርሃን ልኬቱን ሊያዛባ እንደሚችል ታውቆ ማስተካከያ ተሰጥቶታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የ2005ቱ ነው። በዚያ ዓመት ሲሲዲ የሚባሉት የሶኒ ሴንሰሮች በሙቀትና በእርጥበት ቦታ እየተበላሹ ምስሉ ሲዛባ ወይም ጭራሹን ሲጠፋ፣ ማስታወቂያ ያወጣው ሶኒ ብቻ አልነበረም፤ ያንኑ ሴንሰር የገጠሙት ካኖን፣ ኒኮን፣ ፉጂፊልም፣ ኮኒካ ሚኖልታና ሌሎችም ነበሩ። ካሜራው ግንባር ላይ ያለው ስም አንድ ነው፣ ውስጡ ያለው ክፍል የሌላ ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች ሁለት የሥራ ደንቦች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ በካሜራው የሚተዳደሩ ከሆነ ገና የወጣ ሞዴል በመጀመሪያዎቹ ወራት አይግዙ። ዓመት ይለፈው፤ ችግሩም ይታወቃል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ሁለተኛው፣ ሊገዙት ያሰቡትን ሞዴል ስም ከ«ሪኮል» (recall፣ ለጥገና መጥራት) እና «ሰርቪስ አድቫይዘሪ» (service advisory፣ የጥገና ማሳሰቢያ) ከሚሉት ቃላት ጋር አድርገው ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉ። የጥሪ ማስታወቂያ ካገኙ አብዛኛውን ጊዜ ሲሪያል ቁጥር የሚያስገቡበት ቦታ አለው፤ የያዙት ካሜራ የተጠራው ውስጥ መሆኑንና አለመሆኑን እዚያው ያውቃሉ። ባትሪም ይጠራል፤ ኒኮን በ2012 ኤን ኢኤል15 የሚባለውን ባትሪ አንዳንድ ምርቶቹን በመጋል ሥጋት ሰብስቧል።

አምራቹ በገበያው ላይ መቆየቱንም ያስቡ። ኮኒካ ሚኖልታ በ2006 ከካሜራ ሥራ ወጥቶ ንግዱን ለሶኒ አስተላልፏል። ሳምሰንግ ኤንኤክስ የሚባሉትን ካሜራዎቹን አቁሟል። ኦሊምፐስም የካሜራ ክፍሉን ሸጦ ሥራው በ2021 መጀመሪያ ለሌላ ኩባንያ ተላልፏል። የቆመ ሞዴል ርካሽ ሆኖ ሲቀርብልዎ የሌንሱና የመለዋወጫው ነገር ወደፊት እየጠበበ እንደሚሄድ ቆጥረው ይግቡ።

ለእኛ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ መመዘኛ አለ፦ በከተማዎ ያለው ጠጋኝ የሚያውቀው ካሜራ ነው? ገንዘብዎን ይዘው ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ወደ ጥገና ቤት ይሂዱ። ጠረጴዛው ላይ የትኞቹ ሞዴሎች ተደርድረዋል? ለየትኛው የሚፈርስ ቦዲ አለው? የትኛውን አይቶ ፊቱን ያዞራል? ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ላይ ብዙ ባለሙያ የያዘው አንድ የቆየ ካኖን፣ መለዋወጫው በከተማው ከማይገኝ በጣም ዘመናዊ ካሜራ ይሻላል። ባትሪ ሲያልቅብዎ፣ ሌንስ ሲቆምብዎ ከጓደኛ የሚዋሱትም ያንኑ ዓይነት ከያዙ ነው።

4. ያገለገለ ከሆነ ሸተር ካውንቱን ያንብቡ

ሜካኒካል ሸተር የሚንቀሳቀስ ክፍል ነው፤ ያልቃል። አምራቾች ለብዙ ካሜራዎች ሸተሩ ስንት ጊዜ እንዲተኩስ ተደርጎ እንደተፈተነ ይናገራሉ። ለካኖን 6ዲ እና 80ዲ 100,000፣ ለ5ዲ ማርክ 4 እና ለኒኮን ዲ750 150,000፣ ለኒኮን ዲ850 እና ለሶኒ ኤ7 ማርክ 3 200,000፣ ለካኖን አር6 300,000 ነው። ኒኮን ዜድ8 እና ዜድ9 ጭራሹን ሜካኒካል ሸተር የላቸውም። ቁጥሩ ካሜራው የሚሞትበት ቀን አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሚሄድ አለ፣ ግማሹን ሳይደርስ የሚቆምም አለ። ዋጋ ለመደራደር ግን ጥሩ መሠረት ነው።

እንዴት ይነበባል? በኒኮንና በብዙ የሶኒ ካሜራዎች ሸተር ካውንቱ፣ ማለትም ሸተሩ እስካሁን የተኮሰበት ብዛት፣ እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል። እዚያው በካሜራው አንድ ፎቶ ያንሱ፣ ሳይነካ ወደ ኮምፒውተር ያስገቡ፣ ኤግዚፍቱል በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይክፈቱት። አብዛኞቹ የካኖን ካሜራዎች ግን ፎቶው ውስጥ አይጽፉትም፤ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አያይዞ በልዩ ፕሮግራም ማንበብ ያስፈልጋል። ሻጩ የፋይሉን ስም አሳይቶ «ገና ሁለት ሺህ ፎቶ ነው ያነሳው» ቢልዎ አይቀበሉ። የፋይል ቁጥር 9999 ከደረሰ በኋላ እንደገና ከ1 ይጀምራል፤ በእጅም ወደ መጀመሪያው መመለስ ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሚረርለስ (ውስጡ መስተዋት የሌለው) ካሜራ ቪዲዮ ሲቀርጽ ሸተሩ አይተኩስም። ሙሉ ክረምትና በጋ የሰርግ ቪዲዮ ሲቀርጽ የከረመ ካሜራ ሸተር ካውንቱ 6,000 ብቻ ሊል ይችላል። ድካሙ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው፦ የኤችዲኤምአይ መሰኪያው ሲነካ ይወዛወዛል፣ ከሥሩ ያለው የትራይፖድ ቀዳዳ ዙሪያው ተፍቋል፣ የባትሪው ክዳን ላልቷል፣ ጎኑ ላይ የኬጅ (ካሜራው የሚታሰርበት የብረት ማቀፊያ) ጭረት አለ፣ የቪዲዮ መጫኛዋ ቁልፍ ላይ ያለው ቀለም ለቋል። እነዚህን ካዩ ሸተር ካውንቱን ወደ ጎን ይተዉትና ዋጋውን እንደ ብዙ እንደሠራ ካሜራ ይደራደሩ።

5. ከመክፈልዎ በፊት ጠረጴዛ ላይ ይፈትሹት

በቀን ብርሃን ይገናኙ። የራስዎን ሚሞሪ ካርድ፣ ከተቻለ የራስዎን ሌንስና ላፕቶፕ ይያዙ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያስፈልግዎታል፤ የሚያጣድፍ ሻጭ ወይም ደላላ ካጋጠመዎ ይነሱና ይሂዱ።

በሴንሰሩ ይጀምሩ። የሌንሱን ክዳን ይግጠሙ፣ ካሜራውን ወደ ማንዋል ያድርጉ፣ አይኤስኦ 800፣ የ10 ሰከንድ ሸተር ያድርጉና ያንሱ። ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር አጉልተው ይዩት። ጥቁሩ ላይ አንድ ሁለት ብሩህ ነጥብ ቢታይ ብዙ አያስጨንቅም፤ በተለመደው ፍጥነት ሲያነሱም የማይጠፋ ነጥብ ወይም ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ መስመር ካለ ግን አይግዙት። መስመሩ የሌዘር ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ወደ ኤፍ 16 ወይም ኤፍ 22 ያጥብቡ፣ ፎከሱን ሆን ብለው ያጥፉ፣ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ያንሱ። ጥቁር ነጠብጣቦች ከታዩ አቧራ ነው፤ ይጸዳል። ጸድቶም በዚያው ቦታ የሚመለስ ቅባት ያለው ነጠብጣብ ግን ከሸተሩ የሚረጭ ሊሆን ይችላል። የመስተዋቱን ቤት ከፍተው ሴንሰሩ ላይ ጭረት እንዳለም ይዩ፤ በጥጥና በሸሚዝ ጫፍ የተጠረገ ሴንሰር በከተማችን ብርቅ አይደለም።

ሸተሩን በትልቁ ፍጥነት፣ በ1/4000 ወይም በ1/8000፣ ደጋግመው ያንሱ። ፎቶው ላይ አንድ ጎን የጠቆረ ከሆነ የሸተሩ መጋረጃ እኩል አይሄድም ማለት ነው። ከዚያ በተከታታይ መተኮሻ ካርዱን እስኪሞላ ድረስ ይጫኑት፤ ድምፁ አንድ ወጥ መሆን አለበት። ሁለት የካርድ ቦታ ካለው ሁለቱንም ይሞክሩ።

ባትሪው እውነቱን በሜኑ ውስጥ ይናገራል። ብዙ የኒኮን ካሜራዎች «ባትሪ ኤጅ» በሚል ከ0 እስከ 4 ያሳያሉ፤ 4 ከሆነ ባትሪው አልቋል። ካኖን ደግሞ የመሙላት አቅሙን በሦስት አረንጓዴ ሳጥኖች ያሳያል፤ ቀይ ከሆነ ለአዲስ ባትሪ የሚሆን ገንዘብ ከዋጋው ያስቀንሱ። እነዚህ መረጃዎች ጭራሹን ካልመጡ ባትሪው የአምራቹ ላይሆን ይችላል።

ሌንሱን ለብቻው ይፈትሹ። የስልክዎን መብራት ከኋላ በኩል አብርተው ከፊት በሰያፍ ይመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጫጭን ክር ካዩ ፈንገስ ነው፤ ይተዉት፤ ከሌሎች ሌንሶችዎ ጋር አብሮ በእርጥብ ሣጥን መቀመጥም የለበትም። ትንንሽ የአቧራ ቅንጣቶች ፎቶ ላይ አይታዩም፣ አይጨነቁባቸው። ዙሙን ከዳር እስከ ዳር እያዞሩ በየርቀቱ አፐርቸሩን ጠበብ አድርገው ያንሱ። በካኖን ላይ «ኤረር 01» ከመጣ ሌንሱና ቦዲው አይነጋገሩም ማለት ነው፤ የማገናኛ ነጥቦቹን በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ይድገሙ። በተወሰነ የዙም ርቀት ላይ ብቻ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ውስጥ ያለው ቀጭን ኬብል የመቆረጥ ምልክት ነው፤ በቆዩት 24-105 ኤል ሌንሶች ላይ የታወቀ በሽታ ነው። «ኤረር 30» የሸተር ብልሽት ነው።

በመጨረሻ ቪዲዮ ከፍተው ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት። ቡናዎን እየጠጡ ሃያ ደቂቃ ይቅረጽ። በራሱ ካልጠፋ፣ ድምፁም ከተቀዳ፣ ማይክ መሰኪያው ሲነካ ካልተንኮሻኮሸ ወደ ዋጋው መመለስ ይችላሉ።

አብሮ የሚሰጥዎትን ሚሞሪ ካርድ አይመኑ። ሐሰተኛ ካርድ 128 ጊጋባይት ብሎ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ይይዝና የቀረውን ፎቶ ያጠፋል፤ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ኤችቱ ቴስት ደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፈው ያስነብቡት።

6. ወረቀቱን ያስጨርሱ

ከሱቅ ሲገዙ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ይቀበሉ። «ያለ ደረሰኝ ቢሆን እቀንስልዎታለሁ» የሚለው ነጋዴ እየቀነሰልዎ ያለው መብትዎን ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል። ሕጉ ከገዢም የሚፈልገው አለ፦ ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ። ስለዚህ ችግር ባዩ ዕለት በስልክ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ቢያንስ ቀኑ በሚታይ መልእክት ያሳውቁ።

ሱቁ የራሱን ዋራንቲ እሰጣለሁ ካለ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ወይም በተለየ ወረቀት በማኅተም ያስጽፉት፦ ለስንት ጊዜ፣ መጠገን ነው ወይስ መቀየር፣ መለዋወጫው በማን፣ ጥገናው ከስንት ቀን በላይ ቢዘገይ ምን ይደረጋል። «ዋራንቲ አለው» የሚለው ባዶ ቃል ከዚህ ውስጥ አንዱንም አይመልስም።

ከግለሰብ ሲገዙ፣ በቴሌግራም ቻናልም ይሁን በጂጂ ያገኙት፣ ሁለት መስመር ውል ይበቃል። የሻጩን መታወቂያ አይተው ይህን ያህል ይጻፉ፦ «ሲሪያል ቁጥሩ ይህ የሆነውን ካሜራ በዚህ ዋጋ ሸጫለሁ። ንብረቱ የራሴ መሆኑን አረጋግጣለሁ። በሰባት ቀን ውስጥ በአያያዝ ያልመጣ ብልሽት ቢገኝበት ገንዘቡን መልሼ ካሜራውን እረከባለሁ።» ሁለታችሁም ፈርሙ፣ አንድ ምስክር ይፈርም። ሰባቱን ቀን እምቢ የሚል ሻጭ ብዙ ነው፤ ሦስት ቀን ይስማማ። ሲሪያል ቁጥሩን መጻፍ ራሱ ግን የማይታለፍ ነው፤ የተሰረቀ ካሜራ የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸሸው እዚህ ላይ ነው።

ዘመድዎ ከአሜሪካ ወይም ከብሪታንያ ያገለገለ የሚገዛልዎ ከሆነ ከግለሰብ ይልቅ እንደ ኬኢኤች እና ኤምፒቢ ካሉ የታወቁ ያገለገሉ ካሜራ ሻጮች ቢገዛ ይሻላል፤ ፈትሸው ከራሳቸው ዋራንቲ ጋር ይሸጣሉ። እዚያም ቢሆን ሳጥኑ በደረሰ ቀን ይከፈት።

7. የትኛውም ዋራንቲ የማይሸፍነውን ይጠንቀቁ

መውደቅ፣ ውኃ፣ አሸዋ፣ ፈንገስ፣ ያልተፈቀደለት ሰው የከፈተው ካሜራ። እነዚህ በሁሉም ካርድ ላይ የተገለሉ ናቸው። «ዌዘር ሲልድ» (ከእርጥበትና ከአቧራ የተከለለ) የተባለ ካሜራ ውኃ ቢገባበት አምራቹ አይከፍልም፤ ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ የሚያነሱ ሁሉ ካሜራቸውን በላስቲክ ይሸፍኑ፣ ጠበሉ ሲረጭ ሌንስ አይቀይሩ።

ሌዘርን ለብቻው ላንሳው። የሰርግ አዳራሾችና የሙዚቃ ዝግጅቶች ላይ የሚዞረው የሌዘር ጨረር በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ከገባ በአንድ ቅጽበት ሴንሰሩን ሊያቃጥል ይችላል። ሚረርለስ የበለጠ ይጋለጣል፤ ሴንሰሩ ሁልጊዜ ክፍት ነውና። ዋራንቲ አይሸፍነውም፤ ሴንሰር መቀየር ደግሞ ያገለገለ ቦዲ ከመግዛት ላያንስ ይችላል። ዲጄው ሌዘር እንዳለው ከዝግጅቱ በፊት ይጠይቁ፣ ጨረሩ ወደ ካሜራ እንዳይዞር ያስማሙ፣ ሲዞር ደግሞ ካሜራውን ዝቅ ያድርጉ።

8. ከተበላሸ

መጀመሪያ ማንም አይክፈተው። ስክሪኑ ላይ የመጣውን ጽሑፍ በስልክ ያንሱ፣ ችግሩ ሲደጋገም በቪዲዮ ይቅረጹ። ባትሪ፣ ካርድና ሌንስ እየቀየሩ አንድ በአንድ ይሞክሩ፤ ግማሹ ችግር እዚህ ላይ ያልቃል። ከዚያ ዋራንቲው ካላለፈ ከማንኛውም ጠጋኝ በፊት ለሻጩ ወይም ለአምራቹ ይጻፉ፤ አገር ውስጥ ያለ ባለሙያ አንድ ቪስ ከፈታ በኋላ የአምራቹ አገልግሎት ማዕከል ዋራንቲውን ላይቀበል ይችላል። ዋራንቲው ካለፈ ግን ጥሩ ስም ያለውን የከተማዎን ጠጋኝ ያስቀድሙ፤ ዋጋውን በጽሑፍ ይቀበሉ፣ ያወጣውን ክፍል እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ተጓዡ ካሜራውን በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ካሜራው ለጥገና ወጥቶ የሚመለስ መሆኑን ከመውጣቱ በፊት ጉምሩክ ቀርበው ያስመዝግቡ፤ ሲመለስ እንደ አዲስ ዕቃ ቀረጥ እንዳይጠየቁ ያንን ወረቀትና የግዢ ደረሰኙን ተጓዡ አብሮ ይያዝ። የአገልግሎት ማዕከሉ ካልጠየቀ በቀር ቦዲውን ብቻ ይላኩ፤ ማሰሪያውን፣ ባትሪውንና ሚሞሪ ካርዱን አውጥተው ያስቀሩ።